«ሲልኪ» የሚል ቀሚስ ከመግዛታችሁ በፊት

ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው። ዛሬ ጠዋት የሐር ቀሚስ ተብሎ የተሸጠልኝ ልብስ አንድ ክር ሐር የለበትም። መደብሩን በስም ባልጠራውም ዓይነቱን ታውቁታላችሁ፤ ልብሱ ተራርቆ የሚሰቀልበት፣ ሻጯ ከኋላ እየተከተለች «ይዳስሱት እስቲ» የምትልበት፣ ዋጋው በመጨረሻ የሚነገርበት ነው።

በተንጠለጠለው ካርቶን ላይ በወርቃማ ፊደል «ሲልኪ ሳቲን» ተጽፏል። «ሐር ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። «ታዲያ ምን ሊሆን ነው? ሲልክ ነው፤ ይኸው ተጽፎልዎታል» አለችኝ፣ ጣቷን ጽሑፉ ላይ አሳርፋ። ከፈልኩ።

ቤት ገብቼ ስገለብጠው በጎን ስፌቱ ውስጥ ጥፍር የምታህል ነጭ ምልክት አገኘሁ፤ «100 በመቶ ፖሊስተር» ትላለች፤ ሙሉ በሙሉ ሰው ሠራሽ ክር ማለት ነው። ከስፌቱ ክር መዝዤ ለኮስኩት። ሐር ሲነድ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፤ አመዱም በጣት ሲነካ ይፈረፍራል። ይህኛው ግን ቀልጦ ተኮማተረና ጠንካራ ጥቁር እንክብል ሆነ።

ወዲያው ይዤው ተመለስኩ። የጠዋቷ ሻጭ እዚያው ነበረች። ካርቶኑን ተቀብላ የመጨረሻዋን ፊደል በጥፍሯ እየነካች፣ «ሲልኪ ነው የሚለው። ሲልክ የሚል የት አየሽ? ሲልኪ ማለት ሐር የሚመስል ማለት ነው። እንግሊዝኛ ካላወቅሽ እኔ ምን ላድርግ?» አለችኝ። አየሽ! ካላወቅሽ! ከመክፈሌ በፊት «እርስዎ» ነበርኩ። አስቡት፤ በክ እና በኪ መካከል ያለውን ልዩነት ጠዋትም አሳምራ ታውቀው ነበር። ያንኑ ጽሑፍ በዚያው ጣቷ እያሳየች ጠዋት ሐር አደረገችው፤ ከሰዓት ደግሞ ሐር የሚመስል። ገና መልስ ሳልሰጣት ፊቷን አዞረችና ለገባች ሌላ ሴት «ይዳስሱት እስቲ» ስትል ሰማኋት። እጄ እየተንቀጠቀጠ ወጣሁ።

«ሳቲን» የሚለውም ያው ማሳሳቻ ነው። ሳቲን የአሸማመን ስልት እንጂ የክር ስም አይደለም፤ ድሩ አራትና ከዚያ በላይ ማጎችን እየተሻገረ ስለሚሸመን ፊቱ ያብረቀርቃል። ከሐርም ከፖሊስተርም ይሠራል። «አርት ሲልክ» ከዚህ ይብሳል። ጥበብ ያለበት ሐር ይመስላል፤ «አርት» ግን እዚያ ላይ ሰው ሠራሽ የሚለው ቃል ተቆርጦ የቀረ ነው። ካሽሚር ከፍየል የሚገኝ ለስላሳ ጸጉር ሲሆን፣ ካሽሚሎን የሚባለው አክሪሊክ የተባለ ሰው ሠራሽ ክር ነው። ሌዘር ቆዳ ነው፤ ሌዘሬት ቆዳ አይደለም። «ቦንድድ ሌዘር» የሚሉት ደግሞ የተፈጨ የቆዳ ቁርጥራጭ በማጣበቂያ ተያይዞ የሚሠራ ነው።

ይህ ሁሉ የቋንቋ ጨዋታ ነው ብሎ የሚያልፍ ይኖራል። አይደለም። አሜሪካ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1958 ባወጣችው ሕግ ልብስ የተሠራበት የክር ዓይነት በመቶኛ ተለክቶ እንዲጻፍበት አስገድዳለች። የአውሮፓ ኅብረት የ2011 ደንብም ሐር የሚለውን ስም ሐር ከሚያመርቱ ነፍሳት ለሚገኝ ክር ብቻ ሰጥቶታል። ሻጮች በትልቁ ካርቶን ላይ «ሲልኪ» ብለው፣ እውነቱን በስፌት ውስጥ የሚደብቁት ቃሉ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ስለሚያውቁ ነው።

ካርቶኑን ተዉትና ልብሱን ገልብጡ፤ የስፌቱን ምልክት አንብቡ። ምልክቱ ተቆርጦ ከተገኘ አትግዙ። ሐር ነው ካሏችሁም ደረሰኙ ላይ «100 በመቶ ሐር» ብለው ይጻፉላችሁ። የእኔ ደረሰኝ «ቀሚስ» ከሚለው ሌላ ምንም የለበትም፤ አሁን የምከራከርበት ወረቀት ያጣሁት ለዚህ ነው።