ኖርዌያዊ ሳልሞን በአላስካ ውኃ ላይ

ከቫንኩቨር በተነሣንበት ምሽት በመርከቧ ዋና የመመገቢያ አዳራሽ የቀረበልኝ የመጀመሪያው ዓሣ ከኖርዌይ የመጣ ሳልሞን ነበር። ሜኑው ነገሩን አልደበቀም፤ ከምግቡ ስም ግርጌ በደቃቅ ፊደል «የኖርዌይ ሳልሞን» ተብሎ ተጽፏል። ዓሣው በሚገባ የበሰለ፣ ቆዳው ከጥርስ ሥር የሚንኮሻኮሽ፣ በሎሚና በቅቤ ስጎ የታጀበ እንደ ነበር መመስከር አለብኝ። ይሁን እንጂ መርከቧ በዚያው ሰዓት ፊቷን ያዞረችው ኪንግ፣ ሶካይ፣ ኮሆ፣ ፒንክና ቻም የሚባሉት አምስት የፓስፊክ ሳልሞን ዝርያዎች ከግንቦት እስከ መስከረም ባለው ጊዜ በየተራቸው ከባሕር ወደ ወንዝ ወደሚተሙበት ወደ አላስካ ስለ ነበር፣ ከሌላ ውቅያኖስ ተጭኖ የመጣ ዓሣ ፊቴ መቀመጡ ግራ አጋባኝ።

«ቅንጡ» በሚባል መርከብ ስንሳፈር ለእኔም ለባለቤቴም የመጀመሪያችን ነው። ስለ ተራራው፣ ስለ ደኑና ስለ በረዶው የሚናገር ሰው ስለማይጠፋ እኔ የምጽፈው ሰባቱን ሌሊት ስለ ተቀመጥንበት ማዕድ ነው። መርከቧ ስድስት መቶ ገደማ ተሳፋሪ የምትይዝ፣ በዛሬዎቹ ግዙፍ መርከቦች መለኪያ ትንሽ የምትባል ስትሆን አራት የመመገቢያ ቦታዎች አሏት፤ ዋናው አዳራሽ፣ ቦታ አስቀድሞ የሚያዝበት ትንሽ የጥብስ ቤት፣ ቀን ቀን ቡፌ የሚዘረጋበት የላይኛው ፎቅ፣ እንዲሁም ቡናና ኬክ የሚቀርብበት ካፌ። የምግቡም ሆነ የአብዛኛው መጠጥ ዋጋ በቲኬቱ ውስጥ ተጠቃልሎ ስለ ተከፈለ ሒሳብ የሚባል ወረቀት ጠረጴዛ ላይ አይመጣም። ይህ በመጀመሪያው ቀን ደስ ያሰኛል፤ በሦስተኛው ቀን ግን ሰው ሆዱን ሳይሆን የከፈለውን ገንዘብ እያሰበ ይበላል።

መስተንግዶውን በተመለከተ እንከን ለማውጣት ብሞክር እንኳ አልችልም። ጠረጴዛችንን የያዘው አስተናጋጅ በሁለተኛው ምሽት ባለቤቴ ግራኝ መሆኗን አስተውሎ ኖሮ፣ በሦስተኛው ምሽት ስንመጣ ቢላዋና ሹካውን አቀያይሮ፣ ብርጭቆዋንም ወደ ግራ አሻግሮ ጠበቀን፤ ስለዚህም አንድ ቃል አልተናገረም። ዳቦ ሲያልቅ ሳይጠየቅ ይመጣል፤ ሰው ወሬ ሲይዝ ግን ማንም መጥቶ አያቋርጠውም። እንዲህ ያለውን ነገር በሥልጠና ብቻ የሚያገኙት አይመስለኝም።

የአዳራሹ ወጥ ቤት ግን በመስኮት ወደ ውጭ አይመለከትም። የፈረንሳይን ሥርዓት አጥብቆ የሚከተል፣ ጠንቃቃና እጁ የሠለጠነ ወጥ ቤት ነው፤ የዳክዬው ጥብስ ውስጡ ሮዝ ሆኖ የቀረ፣ የሽንኩርቱ ሾርባ ሌሊቱን ሙሉ የተንተከተከ መሆኑ የሚያስታውቅ ነበር። ነገር ግን እነዚህኑ ምግቦች በካሪቢያን ወይም በሜዲትራኒያን ባሕር ላይ ብበላቸው አንዲት ቅንጣት ልዩነት ባላገኘሁባቸው ነበር። ሰው ይህን ያህል ርቀትና ይህን ያህል ወጪ ችሎ ወደ ሰሜን የሚጓዘው የትም የሚያገኘውን ዳክዬ ሊበላ አይደለም።

ስለ ሳልሞኑ በማግስቱ አስተናጋጁን ጠየቅሁት። የመርከቧ ስንቅ ገና ጉዞው ሳይጀመር በውል ተገዝቶ እንደሚጫንና ዓመቱን ሙሉ በመጠንም በጥራትም የማይለዋወጥ አቅርቦት የሚገኘው ከእርባታ መሆኑን በትሕትና አስረዳኝ። መልሱ ምክንያታዊ ነው፤ ቅሬታዬን ግን ይበልጥ አጠነከረው። አላስካ ለምግብ የሚሆን ዓሣ በእርባታ ማምረትን እ.ኤ.አ. በ1990 በሕግ ስለ ከለከለች፣ ከእርባታ የመጣ ሳልሞን በዚያ ውኃ ላይ ምን ጊዜም እንግዳ ነው። ልዩነቱም የስም ብቻ አይደለም። የዱሩ ሶካይ ሥጋው የሚቀላው ባሕር ውስጥ ከሚመገባቸው ደቃቅ ፍጥረታት በሚያገኘው ቀለም ሲሆን የእርባታው ግን ያንኑ ቀለም ከመኖው ጋር ተቀላቅሎ ይሰጠዋል፤ የዱሩ ብዙ ርቀት የዋኘ በመሆኑ ሥጋው ጠበቅ ያለ ነው፣ የእርባታው ደግሞ ስቡ በዝቶ ይለሰልሳል። አፍ ላይ ሁለቱን መለየት አያዳግትም።

አትክልትና ፍራፍሬውን በተመለከተ ብዙ አልፈርድም። የአላስካ ዋና ከተማ ጁኖ እንኳ ከሌላው ዓለም ጋር የሚያገናኛት የመኪና መንገድ የላትም፤ የሚበላው ሁሉ በመርከብ ወይም በአውሮፕላን ነው የሚገባላት። ስለዚህ በስድስተኛው ቀን ቡፌው ላይ ያገኘነው እንጆሪ መለስለሱና ሰላጣው ጫፍ ጫፉ መጠውለጉ የሚጠበቅ ነበር።

አዳራሹ ውስጥ የት እንደሚቀመጡ ማወቅ ከሜኑው ይበልጣል። መስኮት አጠገብ ያሉት የሁለት ሰው ጠረጴዛዎች ጥቂት ናቸው፤ የሚያዙትም ቀድሞ ለመጣ ነው። በሐምሌ መጀመሪያ በጁኖ አካባቢ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ አራት ሰዓት ገደማ ስለሆነ፣ እራት በሁለት ሰዓት የተቀመጠ ሰው ከሾርባው እስከ ማጣጣሚያው ድረስ በቀን ብርሃን ይበላል። መርከቧ የምትጓዝበት የውስጥ መተላለፊያ በደሴቶች ስለ ተጋረደ የፓስፊክ ማዕበል አይደርስበትም፤ ከካናዳ ጠረፍ አጠገብ ለጥቂት ሰዓት ክፍት ባሕር ስናቋርጥ ቁርስ ላይ ስኒዎቹ ከመንሸራተታቸው በቀር ውኃው እንደ ተነጠፈ ጨርቅ ነበር። በስተ መስኮቱ የሚያልፈው ደን ቶንጋስ ይባላል፤ ስፋቱ ወደ 6.8 ሚሊዮን ሄክታር የሚጠጋ፣ ከአሜሪካ ብሔራዊ ደኖች ሁሉ ትልቁ ነው። ለሰዓታት ያህል አንድ ቤት፣ አንድ የኤሌክትሪክ ምሰሶ እንኳ ሳያዩ በጥድና በጉም መካከል ተቀምጠው ወይን መጠጣት ለእኔ ከማንኛውም ምግብ የላቀ ነበር።

ከጁኖ በተነሣንበት ምሽት የበግ ጥብሴን ቆርጬ አንድ ጉርሻ ስጎርስ ባለቤቴ ክንዴን ያዘችኝ። «አንተ፣ ሹካህን አስቀምጥና እይ!» አለች። ሦስት ዓሣ ነባሪዎች በመርከቧ ቀኝ በኩል ትንፋሻቸውን እየረጩ ይጓዙ ነበር። በአንድ አፍታ የአዳራሹ ግማሽ ሕዝብ ከወንበሩ ተነሥቶ መስኮቶቹን ከበበ፤ አምስት ሳሕን በክንዱ ደርድሮ ከወጥ ቤት የወጣ አንድ አስተናጋጅ የሚያቀርብለት ሰው አጥቶ መካከል ላይ ቆመ፣ ጥቂት አመነታና እሱም ወደ መስኮቱ ዞሮ መመልከት ጀመረ። እነዚህ ዓሣ ነባሪዎች ክረምቱን በሃዋይ ሞቃት ባሕር ምንም ሳይበሉ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ከርመው ወደ አላስካ የሚመጡት ለመብላት ነው። ሄሪንግ የተባለውን ትንሽ ዓሣ ሲያድኑ አንዳንድ ጊዜ በኅብረት ከሥር አረፋ እየለቀቁ፣ መንጋውን በአረፋ አጥረው፣ አፋቸውን ከፍተው በአንድነት ሽቅብ ይወጣሉ። ያን ምሽት ይህን ባናይም፣ በዚያ ሰዓት በዚያ ባሕር ላይ ትኩስ የአላስካ ዓሣ ይበሉ የነበሩት እነሱ መሆናቸውን ሳላስብ አላለፍኩም። ወደ ጠረጴዛችን ስንመለስ ሳሕኖቻችን ተሸፍነው አገኘናቸው፤ ጥቂት ቆይቶም የበጉ ሥጋ ሳንጠይቅ በአዲስ ተለውጦ መጣ።

ለንጽጽር ያህል ከመርከቡ ውጭ የበላሁትን አንድ ምግብ ልጥቀስ። ጁኖ ወደብ ላይ፣ በሸራ ጥላ ሥር፣ ዝናቡ ከጫፉ እየተንጠባጠበ፣ በወረቀት ሳሕን የቀረበልን የኪንግ ክራብ እግር ነበር። ይህ ሸርጣን ከጁኖ ደጃፍ ሳይሆን በዋናነት ከቤሪንግ ባሕር የሚጠመድ ቢሆንም አላስካዊነቱ አያጠራጥርም። እግሩ ከክንዴ ርዝመት ብዙም አያንስም፤ እሾሃማውን ቅርፊት በመቀስ ሰንጥቀው ሲከፍቱት ሥጋው ሳይበጣጠስ እንደ ሰይፍ ከሰገባው ተመዞ ይወጣል። የቀለጠ ቅቤ ውስጥ ነክረን በጣታችን በላነው፤ እጃችንን የታጠብነውም በዝናቡ ነው ማለት ይቻላል። በዚያው ምሽት መርከቡ ላይ ካቪያር የሚባለው የዓሣ ዕንቁላል በብር ማንኪያ ሳይሆን በዕንቁ ቅርፊት ማንኪያ ቀረበልን፤ የብረት ጣዕም እንዳይነካው ነው ይላሉ። ካቪያሩ ጥሩ ነበር፤ እኔ ግን ጣቴ ላይ የቀረውን የሸርጣን ሽታ ለማስለቀቅ አልፈለግሁም።

ወጥ ቤቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የት እንዳለ ያስታወሰው ስካግዌይ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1898 ካናዳ ውስጥ ያለውን የክሎንዳይክን ወርቅ ፍለጋ የወጡት ሰዎች በዚህች ከተማ በኩል ሲያልፉ፣ የካናዳ ፖሊሶች የአንድ ዓመት ስንቅ ያልያዘውን ሰው ድንበር አያሳልፉም ነበር፤ ከመሣሪያው ጋር ወደ አንድ ቶን የሚጠጋውን ጭነት፣ ዱቄቱን፣ ባቄላውንና የደረቀውን የአሳማ ሥጋ፣ ብዙዎቹ ተራራ ለተራራ እየተመላለሱ በጀርባቸው አጓጉዘውታል። ከዚያ ሁሉ ሸክም መካከል እንዳይሞት የሚሣሡለት እርሾው ነበር። በአላስካ ክረምቱን ችሎ የኖረ ነባር ሰው እስከ ዛሬ «ሳወርዶ»፣ ማለትም እርሾ ሊጥ፣ ተብሎ ይጠራል። የዚያን ዕለት ጠዋት ካፌው በእርሾ የቦካ ዳቦ ከብሉቤሪ ማርማላታ ጋር አቀረበ። ቅርፊቱ ጠቆር ያለ፣ ውስጡ ዐይን ዐይን ያወጣ፣ ምላስ ላይ ቆየት ብሎ የሚመጣ ደስ የሚል ኮምጣጣነት ያለው ዳቦ ነበር፤ እርሾ ምን እንደሚሠራ ለሚያውቅ ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም። በማግስቱ ግን ሜኑው ላይ አልነበረም፤ ለምን እንደ ቀረ ስጠይቅ «የስካግዌይ ቀን ብቻ ነው» አሉኝ።

ግሌሸር ቤይ በገባንበት ቀን ስለ ምግብ መጻፍ ያስቸግራል። እንግሊዛዊው የባሕር አሳሽ ጆርጅ ቫንኩቨር እ.ኤ.አ. በ1794 በዚህ ሲያልፍ ባሕረ ሰላጤው ገና በበረዶ ግግር የተሞላ ነበር፤ ዛሬ በረዶው ወደ አንድ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ሸሽቶ መርከብ እስከ ጥጉ ይገባል። በቀን ከሁለት በላይ ትልልቅ የመንገደኛ መርከብ ስለማይፈቀድም ጸጥታው አልተነካም። ምሳውን ላይኛው ዴክ ላይ፣ ብርድ ልብስ ተከናንበን፣ ማርጀሪ ከተባለው የበረዶ ግግር ፊት ለፊት በላን። በዚያ ብርድ ሼፉ በትልቅ ድስት ያወጣው የአተር ሾርባ፣ ያለ አንዳች ጌጥ በኩባያ የተቀዳ፣ ከአዳራሹ ሾርባዎች ሁሉ በለጠብኝ። ኩባያዬን በሁለት እጄ እንደ ያዝኩ ከሰማያዊው ግድግዳ አንድ ቁራጭ ተገንጥሎ ያለ ድምፅ ወረደ፤ ነጎድጓዱ የደረሰን ውኃው ሽቅብ ከተረጨ በኋላ ነው። የዚህ ምድር ባለቤቶች ቲሊንጊቶች ይህን ድምፅ «ነጭ ነጎድጓድ» ይሉታል። ሳንድዊቹን አላስታውሰውም።

ሳልሞኑ በመጨረሻ የመጣው በስድስተኛው ምሽት ነው። ኬቺካን በዓመት ከ3 ሜትር በላይ ዝናብ የምታገኝ፣ ራሷን የዓለም የሳልሞን ዋና ከተማ ብላ የምትጠራ ከተማ ናት። ሼፉ ጠዋት ወደብ ወርዶ የገዛውን ኪንግ ሳልሞንና ሃሊበት የተባለ ጠፍጣፋ ዓሣ በጥብስ ቤቱ ማታ እንደሚያቀርብ የሚገልጽ ትንሽ ወረቀት በየክፍላችን በር ሥር ገባ። ሃሊበቱ ነጭ፣ ወፍራምና ንጹሕ ነው፤ ያለ ብዙ ስጎ መቅረቡም ትክክል ነበር። ኪንጉ ግን ሌላ ነገር ነው። በሴዳር ጣውላ ላይ ተጋድሞ የበሰለ በመሆኑ የእንጨቱ ጢስ ከላይ ብቻ ነክቶታል፤ በሹካ ሲነኩት ሥጋው በራሱ ስብ እየተንሸራተተ ዝርግ ዝርግ ሆኖ ይለያያል፤ ወንዝ ከገባ በኋላ ምግብ ስለማይቀምስ ለረጅሙ ጉዞ ያከማቸው ስብ ሁሉ እዚያ ሳሕን ላይ ነበር። ከጨውና ከሎሚ በቀር ምንም አልነካውም። ባለቤቴ የራሷን ጨርሳ ወደ እኔ ሳሕን መመልከት ስትጀምር፣ አስተናጋጁ ፈገግ ብሎ አንድ ተጨማሪ ቁራጭ አመጣላት።

ጥብስ ቤቱ አርባ ያህል ሰው ብቻ ስለሚይዝ የዚያን ምሽት ቦታ ያጡ ብዙዎች ነበሩ፤ ከጎናችን ክፍል የያዙ ባልና ሚስት አዳራሹ ውስጥ የተለመደውን በሉ። ይህ በእንዲህ ያለ ዋጋ የሚሸጥ መርከብ ሊያርመው የሚገባ ጉድለት ነው፤ ወደቡ ላይ ለአርባ ሰው የተገዛ ዓሣ ለስድስት መቶ የማይገዛበት ምክንያት አይታየኝም። እስኪታረም ድረስ ግን የሚሳፈር ሰው በመጀመሪያው ቀን፣ ሻንጣውን እንኳ ሳይፈታ፣ ለኬቺካኑ ምሽት ጥብስ ቤቱ ውስጥ ቦታ ያስይዝ፤ የቀሩትን ምሽቶች አዳራሹ ውስጥ መስኮት አጠገብ ይቀመጥ፤ ጁኖ ላይ ደግሞ መርከቡ ላይ ምሳ አይብላ።