በሎስ አንጀለስ ወንዝ ዳር፦ የፈረሱ መንገድ ወይስ አስፋልቱ?

ሎስ አንጀለስ ላለን፣ ለቡድን የእግር ጉዞ ሁለት ጥሩ የወንዝ ዳር መንገዶች አሉ። አንዱ በበርባንክና በግሪፊዝ ፓርክ በኩል ያለው የፈረስ መንገድ ነው። ሌላው በኤሊዥያን ቫሊ የሚያልፈው አስፋልት።

እኔ የፈረሱን እመርጣለሁ። አፈር ስለሆነ ለጉልበት ይመቻል። የበርባንኩ ሰፈር ራሱ የፈረስ ሰፈር ነው፤ ጓሮው ውስጥ ጋጣ ያለው ቤት ሞልቷል። መንገድ ማቋረጫ ላይ የመብራቱ ቁልፍ ሁለት ሆኖ ታገኙታላችሁ፤ አንዱ ለእግረኛ፣ ሌላው ከፍ ብሎ ኮርቻ ላይ ላለ ሰው። ቅድሚያ የፈረሱ ነው። ሲመጣ ዳር ይዛችሁ ቁሙ፣ ጋላቢውን ሰላም በሉት፤ ፈረሱም ድምፃችሁን ሲሰማ ይረጋጋል። ከኋላው በፍጹም አትጠጉ፤ ከደነበረ ጋላቢውን ሊጥል ይችላል። የልጆችን እጅ ያዙ።

አስፋልቱ የሕፃን ጋሪ ለሚገፋ ይሻላል። ብስክሌት ስለሚበዛበት ግን ጎን ለጎን ሆኖ እየተጫወቱ መሄድ አይቻልም። ውበቱ ውሃው ነው። እ.ኤ.አ. ከ1938ቱ ጎርፍ በኋላ አብዛኛው ወንዝ በኮንክሪት ሲለበጥ፣ እዚህ የከርሰ ምድር ውሃው ቅርብ ስለሆነ ወለሉ ሳይለበጥ ቀረ። ዛፉም ወፉም የበዛው ለዚህ ነው።

በሙቀት ወራት በጠዋት ውጡ። ዝናብ ካለ ሁለቱንም ተዉት፤ ወንዙ ሳይታሰብ ይሞላል።