አርቪ ገዝታችሁ ልትኖሩበት ላሰባችሁ በሙሉ፦ ወረቀቱ ላይ ያለችውን አንድ ሳጥን ሳታዩ እንዳትፈርሙ

ወገኖቼ ንዴቱ ገና አልበረደልኝም፣ ስለዚህ ጽሁፉ ቢዘበራረቅ ታገሱኝ። ትናንት ከሰዓት አርቪውን ከሸጠልን ዲለር ሰርቪስ ክፍል ባዶ እጃችንን ወጣን፣ ከዛ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል በዓይኔ አልዞረም። አርቪ፣ ማለት ውስጡ መኝታና ኩሽና ያለው መኪና፣ ገዝቶ ከሬንት መገላገል የሚለው ወሬ እኛ ሐበሾች ጋ በጣም በዝቷል፣ ቬጋስም ዴንቨርም ዲሲ አካባቢም ሰው ሲጠያየቅ እሰማለሁ፣ በተለይ እንደኔ ትራቭል ነርስ የሆናችሁና ትራክ የምትነዱ። ለናንተ ነው የምጽፈው።

እኔ ትራቭል ነርስ ነኝ። ኮንትራቱ አብዛኛውን ጊዜ 13 ሳምንት ነው፣ ከዛ ሌላ ከተማ፣ በሄድሽበት ሁሉ ዕቃ የተሟላለት ክፍል በውድ መከራየት፣ በዛ ላይ ቬጋስ የተውነውን አፓርታማ መክፈል። ባለቤቴ ኡበር ስለሚሠራ የትም ይሠራል። ዕቁብ ሲደርሰን ያንን ዳውን አድርገን አርቪ እንግዛ፣ አፓርታማውን እናስረክብ፣ ቤታችንን ይዘን እንዙር አልን። ሐሳቡ አሁንም ስህተት አይመስለኝም፣ አሜሪካ ውስጥ ስንቱ ሰው ነው እንዲህ የሚኖረው።

የሄድነው ሜሳ አሪዞና ነው፣ አርቪ የሚሸጥበት ሰፈር ስለሆነ። ያገለገለ ክላስ ሲ የሚባለውን ዓይነት አገኘን፣ ፎርድ ኢ-450 መኪና ላይ የተሠራ፣ አንድ ስላይድ (ሲቆም በሞተር ወደ ውጭ የሚወጣ የክፍሉ አካል) ያለው፣ ውስጡ ንጹህ፣ ዋጋው 38 ሺህ። የዲለር ነገር ለናንተ አይነገርም፣ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ‹‹ማይ ፍሬንድ››፣ ‹‹ጠዋት አንድ ቤተሰብ አይቶት ሄዷል››፣ ማናጀሩን ላናግርላችሁ ብሎ ገብቶ መቆየት፣ ይሄ ሁሉ ነበር። እሱን ሁላችንም ለምደነዋል፣ እሱ አይደለም ያናደደኝ።

ያናደደኝ የፋይናንሱ ክፍል ነው። በሩ ይዘጋል፣ ሰውየው ኮምፒውተሩን ወደራሱ አዙሮ ይቀመጣል፣ እናንተ በታብሌት ትፈርማላችሁ። እዛ ነው ኤክስቴንድድ ዋራንቲ የሚሉትን፣ በኋላ ሲበላሽ ጥገናውን ይከፍላል የሚባለውን ኮንትራት፣ ያመጣው። ወደ 5 ሺህ ዶላር። በወር ሲያሰላው ትንሽ አስመሰለው፣ ምክንያቱም ብድሩ የ15 ዓመት ነው፣ 15 ዓመት ላይ ሲበተን ምን ይታያል።

እኔ ራሴ ነኝ የጠየቅኩት። ቃል በቃል እንዲህ ነው ያልኩት፦ ‹‹ይሄን ለሽርሽር አይደለም የምንገዛው፣ ዓመቱን ሙሉ ልንኖርበት ነው፣ አፓርታማችንን በወሩ መጨረሻ እናስረክባለን፣ ሌላ ቤት የለንም። ይሄ ዋራንቲ ለሚኖርበት ሰው ይሠራል ወይ?›› ሰውየው እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፣ ዓይን ዓይኔን እያየ ‹‹እንዲያውም ይሄ እንደናንተ ለሚኖሩበት ሰዎች ነው፣ ለቅዳሜና እሁድ ብቻ የሚወጣ ሰው ምን ያደርግለታል›› አለኝ። ባለቤቴ ሰምቷል። ከሰውየው ጀርባ ቆማ ወረቀት የምታትመዋ ልጅም ሰምታለች። ከዛማ ጭራሽ ‹‹ጎበዝ ጥያቄ ነው›› ብሎ አመሰገነኝ፣ ይሄ ይሄ ነው አሁን ድረስ አንጀቴን የሚያሳርረው።

‹‹ለምን አላነበብሽም›› የምትሉ ትኖራላችሁ። ታብሌቱ ላይ እኮ የሚነበብ ነገር አይመጣም፣ የሚመጣው ቢጫ ሳጥን ነው፣ ስትነኩት ወደሚቀጥለው ይዘላል። ወደላይ ልመልሰው ስል እጁን በጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ‹‹እሱ ስታንዳርድ ነው፣ ለሁሉም አንድ ነው›› እያለ በጣቱ ወደታች ገፋው። ገጹን ከፊቴ ላይ ገፋው ነው የምላችሁ። ኮፒው በኢሜይል የመጣልን ማታ ነው፣ እኛ መኪናውን ይዘን ቬጋስ መንገድ ላይ ከሆንን በኋላ፣ አንድ ላይ የተሰፋ ረጅም ፒዲኤፍ።

ከዛ ምን ሆነ፣ ክረምቱ በሰላም አለፈ። የአሪዞና ሙቀት ሲመጣ፣ ፊኒክስ በጋ ላይ 110 ፋራናይት ማለት ተራ ቀን እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ ጣሪያው ላይ ያለው ኤሲ ማጉረምረም ጀመረና ቆመ። በዛው ሰሞን የስላይዱ ሞተር ግማሽ መንገድ ላይ ተነክሶ ቀረ፣ አይገባም አይወጣም። ስላይዱ ያለበትን ጥግ ምንጣፉን ገልጬ ወለሉን በአውራ ጣቴ ስጫነው እንጨቱ እንደ ውሃ የነካው ዳቦ ገባ። ከመሸጡ በፊት ውሃ ሲጠጣ የኖረ ነው፣ ላዩ ላይ አዲስ ምንጣፍ አንጥፈውበት ነው የሸጡልን። የወለሉ ይቅር፣ የውሃ ጉዳት እነዚህ ኮንትራቶች አብዛኞቹ እንደማይሸፍኑ አሁን አውቄያለሁ። ኤሲና የስላይድ ሞተር ግን ወረቀቱ ላይ በስም ተጽፈዋል። ለነሱ ነው ክሌም ያስገባሁት።

የዋራንቲ ኩባንያው ሰው ላከ፣ ሰውየው ኤሲውን አይቶ ፎቶ አነሳ፣ ሞተሩን አነሳ። ከዛ ወደ ኋላ ሄዶ ቁምሳጥኑን ከፍቶ አነሳ። ሲንኩ ስር ያለውን የጤፍ ባልዲዬን አነሳ። ምጣዴን አነሳ። ምን ለማድረግ ነው ስለው ‹‹ለፋይሉ ነው›› አለኝ፣ እኔም ሥራው ነው ብዬ ዝም አልኩ። ለካ የሰበሰበው እንደምንኖርበት የሚያሳይ ማስረጃ ነው! የውድቅ ደብዳቤው ሲመጣ ተሽከርካሪው እንደ ቋሚ መኖሪያ ስለሚያገለግል ኮንትራቱ አይሸፍንም ይላል፣ የምጣዴ ፎቶ ተያይዞበት። እንጀራ የጋገርኩበት ምጣድ ነው መከሰሻዬ የሆነው።

እኛ ደግሞ ስህተት ነው ብለን፣ የነገርናቸውን ያስታውሳሉ ብለን ተነስተን ሜሳ ሄድን። ሰርቪስ ካውንተሩ ላይ ያለው ሰውዬ ከመጀመሪያው ባለቤቴን ብቻ ነው የሚያናግረው፣ ብድሩም ወረቀቱም በኔ ስም ሆኖ። እኔ ስናገር ለባለቤቴ ይመልሳል። ደብዳቤውን አሳየሁት፣ ‹‹እንደምንኖርበት ነግረናችኋል›› አልኩት። ምንም ሳይል ኪቦርዱን መታ መታ አደረገና ስክሪኑን ወደኛ አዞረው። ‹‹ፕራይመሪ ረዚደንስ›› ይላል፣ ዋና መኖሪያ ነው ወይ ማለት ነው፣ ከጎኑ ሁለት ትንንሽ ሳጥኖች፣ ‹‹ኖ›› የሚለው ላይ ምልክት ተደርጓል። ከስሩ የኔ ፊርማ። እኔ ያንን ሳጥን አልነካሁትም፣ ታብሌቱ እጄ ላይ ከመድረሱ በፊት ተሞልቶ ነው የመጣው። ዓመቱን ሙሉ እንኖርበታለን ብዬ በአፌ ስነግረው የነበረው ሰው እዛው ፊት ለፊቴ ‹‹አይኖሩበትም›› ብሎ ሞልቶ አስፈረመኝ ማለት ነው።

‹‹ይሄን ማን ሞላው?›› ስለው ‹‹የርስዎ ፊርማ ነው›› አለ። የሞላውን ሰው ጥሩልኝ አልኩ። ያኔ ነው ወደ ባለቤቴ ዞሮ፣ ድምፁን ሳይቀንስ፣ ሰው ተሰልፎ እየሰማ፣ ‹‹ቤታችሁ እንግሊዝኛ የሚያነብላችሁ ሰው አለ?›› ያለው። አጠገቡ ያለችው ልጅ ወደታች አቀርቅራ ሳቀች። እኔ አይሲዩ ነርስ ነኝ። የሰው ነፍስ በእጄ ይዤ ሌሊቱን ሙሉ በእንግሊዝኛ ቻርት የማደርግ ሰው ነኝ፣ የመድኃኒት ኦርደር ላይ አንዲት ነጥብ ብስት ሰው ይሞታል። ለዚህ ሰውዬ ግን አነጋገሬን ሰምቶ ማንበብ የማትችል ሴት ሆንኩለት። ባለቤቴ እጄን ይዞ ‹‹ተይው፣ ፖሊስ ይጠሩብናል›› አለኝ በአማርኛ፣ ያንን ሲናገርም ሰውየው ዓይኑን አዙሮ ጣሪያ ጣሪያ ያያል።

የፋይናንሱ ሰውዬ ራሱ ቡናውን ይዞ በዛ በኩል አለፈ። ስሙን ጠርቼ አስቆምኩት። ፈገግ ብሎ ‹‹በወር ስንት ደንበኛ እንደማይ ታውቂያለሽ? ሁሉንም ላስታውስ አልችልም፣ ወረቀቱ ያለው ነው የሚሠራው›› ብሎኝ ሄደ። ሲሸጥልኝ ስሜን አጣርቶ በትክክል ይጠራኝ ነበር፣ ሀበሻ ጎረቤት አለኝ፣ ቡናችሁን እወዳለሁ ሲለኝ ነበር።

አሁን ያቺ ሳጥን ምን እንዳደረገችን ስሙኝ፣ ምክንያቱም ያበላሸችው ዋራንቲውን ብቻ አይደለም። ዛሬ ጠዋት ኢንሹራንሱን ደወልኩ። የያዝነው ለመዝናኛ የሚሆን ፖሊሲ ነው፣ የሚኖርበት ሰው ‹‹ፉል ታይመር›› የሚባል ሌላ ፖሊሲ ያስፈልገዋል፣ እሱ ነው ልክ እንደ ቤት ኢንሹራንስ ንብረታችሁንና ቤታችሁ መጥቶ የሚጎዳ እንግዳን የሚይዘው። ስለዚህ እስከዛሬ ቢቃጠል ኖሮ ምን ሊሉን እንደነበር አስቡት። ከዛ የባንኩን ማመልከቻ ከፒዲኤፉ ውስጥ ፈልጌ አነበብኩ፣ እዛም ያው ለመዝናኛ ተብሎ ተሞልቷል። ብዙ ባንኮች ለሚኖርበት ሰው አርቪ ብድር አይሰጡም፣ ሰውየው ይሄን ያውቃል፣ እውነቱን ቢጽፍ ብድሩም አያልፍ ዋራንቲውም አይሸጥ። ኮሚሽኑን እንዳያጣ በኔ ፊርማ ለባንኩ ዋሸ። ውሸቱ አሁን የኔ ሆኖ ነው የተቀመጠው።

ሕግ የለም ወይ ትሉ ይሆናል። ሦስት ቀን ውስጥ መመለስ ይቻላል የሚባለው ነገር ዲለሩ ግቢ ሄዳችሁ ለገዛችሁት መኪና አይሠራም። ያገለገለ መኪና መስኮት ላይ በፌደራል ሕግ የሚለጠፈው ‹‹ባየርስ ጋይድ›› ወረቀት ከባድ ተሽከርካሪን አይነካም፣ ወሰኑ 8,500 ፓውንድ ነው፣ የኢ-450 ደግሞ 14,500 ነው። ሌመን ሎው የሚባለው፣ ደጋግሞ የሚበላሽ መኪና ለገዛ ሰው የወጣው ሕግም፣ በብዙ ስቴት ሞተርሆም ላይ ሞተሩንና ሻሲውን እንጂ የመኖሪያ ክፍሉን አይሸፍንም። ማለት ከአንድ ቶዮታ ኮሮላ ያነሰ መብት ነው ያለን። አንድ ነገር ግን አለ፣ የ1975ቱ የፌደራል የዋራንቲ ሕግ ሻጩ ራሱ በሸጠ በ90 ቀን ውስጥ ሰርቪስ ኮንትራት (ያው ኤክስቴንድድ ዋራንቲ የሚሉት) ከገባላችሁ ‹‹አዝ ኢዝ››፣ ማለት እንዳለ ነው የሸጥኩት፣ ብሎ ሙሉ በሙሉ ማምለጥ አይችልም ይላል። የኛ ወረቀት የሦስተኛ ወገን ኩባንያ ስለሆነ እዛ ላይ ይከራከራሉ፣ ለማንኛውም ጠበቃ ላናግር ነው። ለአሪዞና አቃቤ ሕግ የሸማቾች ክፍልም አቤቱታ እያዘጋጀሁ ነው፣ ኮንትራቱንም ሰርዙና ቀሪውን መልሱ ብዬ በጽሁፍ ጠይቄያለሁ። ተመላሹ ለእጃችን ሳይሆን ወደ ብድሩ ነው የሚገባው፣ እሱም ቢሆን ይግባ።

እናንተ ግን፣ ልትኖሩበት ከሆነ እንደምትኖሩበት በኢሜይል ጻፉላቸው፣ በኢሜይል ይመልሱላችሁ፣ በአፍ የተባለ ነገር ዋጋ የለውም። ወረቀቱን ከመፈረማችሁ አንድ ቀን በፊት ላኩልን በሉ፣ እምቢ ካሉ ውጡ። ‹‹ፕራይመሪ ረዚደንስ›› እና ‹‹ፉል ታይም›› የሚሉ ቃላት ፒዲኤፉ ውስጥ ፈልጉ። የራሳችሁን የአርቪ ኢንስፔክተር ከፍላችሁ ውሰዱ፣ እርጥበት የሚለካ መሣሪያ ያለው፣ የስላይዱን ጥግና ጣሪያውን ይለካላችሁ። አዲስ ምንጣፍ ካያችሁ ግለጡት። ጎማው ላይ ዶት ከሚለው ቀጥሎ የመጨረሻዎቹን አራት ቁጥሮች እዩ፣ 3518 ከሆነ በ2018 በ35ኛው ሳምንት የተሠራ ነው ማለት ነው። ብዙ ፓርኮች ደግሞ ከ10 ዓመት በላይ የሆነ አርቪ አያስገቡም፣ እሱንም አስቡ።

ይሄን ወረቀት ቀድማችሁ የፈረማችሁ ካላችሁ ዛሬውኑ ከፍታችሁ ያቺን መስመር ፈልጉ፣ ክሌም ከማስገባታችሁ በፊት። ሜሳ አካባቢ በዚህ ሳምንት ልትገዙ የምትሄዱ ደግሞ ኢንቦክስ አድርጉልኝ፣ የቱ ዲለር እንደሆነ እነግራችኋለሁ።