ፍሪ ፋየር ወይስ ፐብጂ ሞባይል? ለድሬዎች

ሁለቱም መጨረሻ ላይ በሕይወት የቀረ የሚያሸንፍባቸው የስልክ ተኩስ ጌሞች ናቸው። በነፃ ይወርዳሉ፤ ገቢያቸው ከስኪን (የመሳሪያና የገጸ ባሕሪ መልክ መቀየሪያ) እና ከየወቅቱ ፓስ (ተከፍሎበት ሽልማት የሚያስከፍት) ነው። በፈረንጆቹ 2017 የወጣው ፍሪ ፋየር 50 ተጫዋች ይዞ በ10 ደቂቃ ገደማ ያልቃል፤ የ2018ቱ ፐብጂ 100 ሰው አሰልፎ ግማሽ ሰዓት ሊወስድ ይችላል። በድሬ ቀትር ይሄ ቀላል አይደለም፤ ከዚራ ሰፈር ጥላ ስር እንኳ ስልኩ ሲግል ፕሮሰሰሩ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ልክ ክቡ (የመጫወቻው ክልል) ሲጠብ ምስሉ ይንቀረፈፋል። ግራፊክሱን «ስሙዝ» አድርጉት፤ ቻርጀር ሰክታችሁ አትጫወቱ።

ወጪው ላይ ፐብጂን እመርጣለሁ። የፍሪ ፋየር ብዙ የመሳሪያ ስኪኖች ጉዳት ወይም የተኩስ ፍጥነት ይጨምራሉ፤ የከፈለ ይበልጣል ማለት ነው። የፐብጂው ጌጥ ነው (ለሰፈር ጉራ ይበቃል)።

ዳይመንድም (የፍሪ ፋየር የጨዋታ ገንዘብ) ሆነ ዩሲ (የፐብጂው) በሰው ስታስሞሉ የተጫዋች መለያ ቁጥር ብቻ ስጡ። ፓስወርድ የሚጠይቅ ሻጭ አካውንቱን ፈልጎ ነው። ከልክ በላይ የረከሰም በተሰረቀ ካርድ የተገዛ ሊሆን ይችላል፤ ባለካርዱ ክፍያውን ካስመለሰ የሚታገደው የእናንተ አካውንት ነው።