ለሄፌይ ዘዬ ጥናት የትኛው ይሻላል? የምላስ አልትራሳውንድ ሲገመገም

በቻይና የአንሁዊ ግዛት ዋና ከተማ በሄፌይ የሚነገረው ማንዳሪን ቻይንኛ በአንድ አናባቢ ይለያል። ቤጂንግ ላይ ዶሮ «ጂ» ሲባል እዚህ ወደ «ድዝ» ይጠጋል፤ «ኢ» የነበረው ድምፅ የሚነዝር «ዝዝ» ሆኗል። ምላስ ይህን ለማድረግ እንዴት እንደተንቀሳቀሰ በድምፅ ቅጂ ብቻ አይታወቅም። ለዚህ ጥያቄ የሊትዌኒያው ቴሌሜድ ማይክረስ አልትራሳውንድ፣ ፕሮቡን (ምስል አንሺውን ጫፍ) አገጭ ሥር የሚይዘው አልትራፊት የተባለ የራስ ማሰሪያና ምስልና ድምፅን አብሮ የሚቀዳና የሚተነትን ኤኤኤ የተባለ ሶፍትዌር ተጣምረው በማግኔት የሰውነትን ውስጥ ከሚያሳየው ኤምአርአይ ይመረጣሉ።

ማይክረስ ኃይል የሚያገኘው ከላፕቶፑ ዩኤስቢ ስለሆነ አዛውንቶችን ቤታቸው ድረስ ሄዶ መቅዳት ይቻላል። ኤምአርአይ ውስጥ ተናጋሪው በጀርባው ስለሚተኛ ምላሱ ወደ ኋላ ይሳባል፤ ጩኸቱም ቅጂውን ያበላሻል። ልብ ማስመቻ የተገጠመላቸው ሽማግሌዎች ብዙ ጊዜ ጭራሽ አይገቡም። የድሮውን አነጋገር የያዙት ደግሞ እነሱ ናቸው።

የምስሉን ጥልቀት 80 ሚሊሜትር ገደማ ላይ አድርጉና በሰከንድ 80 ምስል እስኪደርስ የእይታ ማዕዘኑን አጥብቡ። ያኔ በምስሎች መካከል 12.5 ሚሊሰከንድ ይኖራል፤ 200 ሚሊሰከንድ የሚቆይ አናባቢ 16 ምስል ያገኛል። ለአናባቢ ይበቃል፤ የ«ት» ፍንዳታ ግን በመሃል ሊያመልጥ ይችላል።

ጄል አትቆጥቡ። ፕሮቡ አገጭ ሥር ሲቀመጥ የመንጋጋው ጥላ በአንድ ጠርዝ፣ የጉሮሮው አጥንት ጥላ በሌላው መታየት አለበት። ማሰሪያው ከመጠን በላይ ከጠበቀ መንጋጋ እንደልቡ አይከፈትም፤ ከላላ ይንሸራተታል። ስለዚህ በመጀመሪያም በመጨረሻም ተናጋሪው ውሃ ሲውጥ ቅረጹ፤ ውሃው የአልትራሳውንዱን ሞገድ ስለሚያሳልፍ የላንቃው መስመር ብቅ ይላል። ሁለቱ መስመሮች ካልገጠሙ ፕሮቡ ተንቀሳቅሷልና ቅጂዎቹን አትቀላቅሉ።

ትልቁ ድክመት የምላስ ጫፍ ነው። ከሥሩ ያለው አየርና የመንጋጋው ጥላ ይሸፍኑታል፤ የሄፌይ «ዝዝ» የሚፈጠረው ደግሞ በምላስ የፊት ክፍል ነው። ሶፍትዌሩ በማይታየው ቦታ ላይ እንኳ ያማረ መስመር ሊስል ይችላል፤ ያንን ክፍል ቆርጣችሁ ጣሉት። የሚታመነው የምላስ ገላና ሥር ነው። የ«ክፈት» ወደ «ክፈቺ» መለወጥን የመሰለ የምላስ ገላ ወደ ላንቃ መነሣትን ግን ይህ መሣሪያ በደንብ ያሳያል።

የሰው አፍ መጠን ስለሚለያይ ወጣትና ሽማግሌን በሚሊሜትር አታወዳድሩ። ከእያንዳንዱ ተናጋሪ «ስ» እና «ኣ» ቅዱና አናባቢው ለራሱ «ስ» ምን ያህል እንደቀረበ ለኩ። ጥያቄያችሁ የጫፉ ቅርፅ ብቻ ከሆነ ግን ይህን አትግዙ፤ የኤምአርአይ ሰዓት ተከራዩ።