ለጀማሪ አናጢ «የተሟላ» የተባለው ቦርሳ፣ ከአንድ ዓመት በኋላ

ቦርሳው ውስጥ ስድስት ዕቃ ነበር፦ መነጽር፣ የጆሮ መከላከያ፣ ማስክ፣ ሄልሜት፣ ጓንትና እንጨትን በእጅ ፋንታ ወደ መጋዝ የሚገፉበት ቀይ የፕላስቲክ መግፊያ። ከላዩ ላይ «ለጀማሪ አናጢ የተሟላ» ተብሎ ተጽፎበታል። ለ12 ሠልጣኞች 12 ቦርሳ ገዛን። ትንሹ 16፣ ትልቋ 20 ዓመቷ ነው። እኔ የማሽን ሥራ አስተምራቸዋለሁ። ዓመቱን ሙሉ ዕቃዎቹ ሲለበሱም፣ ሲወልቁም፣ ሲሰበሩም አጠገባቸው ነበርኩ። የአምራቹን ስም አልጠራም። እንዲህ ያለ ቦርሳ በብዙ ስም ይሸጣል፤ እኔ የምፈልገው ውስጡን እንድታዩት ነው።

ከሁሉ የወደድኩት መግፊያውን ነው። ቦርሳውን የከፈተ ሰው መጀመሪያ ወደ ጎን የሚያደርገው እሱን ነው፤ ተራ ፕላስቲክ ይመስላል። አንድ ቀን አንዱ ሠልጣኝ በጠረጴዛ መጋዝ ቀጭን ጣውላ ይሰነጥቃል። ጣውላው ሊያልቅ አንድ ስንዝር ቀርቶታል። እጅ የሚረሳው እዚህ ጋ ነው። ዓይን መስመሩን ያያል፤ አውራ ጣት ደግሞ ከእንጨቱ ጋር ዝም ብሎ ወደሚዞረው የመጋዙ ዲስክ ይሄዳል። ልጁ ግን ቀኝ እጁን አንስቶ መግፊያውን ያዘ። እንጨቱ አለቀ፣ መግፊያው ትንሽ ሸተት አለ፣ ዲስኩ ጫፉን ክርር አድርጎ ነከሰው። ማሽኑን አጠፋን። ቀዩ ፕላስቲክ ላይ ሦስት የጥርስ ምልክት ወጥቷል። ልጁ ምልክቱን በጣቱ እየዳሰሰ ብዙ ደቂቃ ምንም አልተናገረም። ያ መግፊያ አሁን ከማሽኑ በላይ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል።

ጉድለቱ ማጠሩ ነው። ስለካው 32 ሳንቲ ሜትር ሆነ። ጥሩ መግፊያ ቢያንስ 45 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ እጅን ከዲስኩ የሚያርቀው ርዝመቱ ነዋ። ስለዚህ አሁን ሠልጣኞቼ መጀመሪያ የሚሠሩት ዕቃ የራሳቸውን መግፊያ ነው። ከቁርጥራጭ ኮምፔርሳቶ ይወጣል። ጫፉ ላይ የእንጨቱን ጠርዝ የሚይዝ ጎድጓዳ ቁርጥ ይበጅለታል። ከብረት እንዳትሠሩት። ዲስኩ ብረት ከነካ ጥርሱ ተሰብሮ ሊፈናጠር ይችላል። ደንባችን ደግሞ አጭር ነው፦ የመጨረሻውን 30 ሳንቲ ሜትር እጅ አይገፋም። እንጨቱ ራሱ ከ30 ሳንቲ ሜትር ካጠረ፣ ከመጀመሪያውም በመግፊያ ነው።

መግፊያ ከማያድነው አደጋ አንዱ የእንጨት መወርወር ነው። የተሰነጠቀው እንጨት ዲስኩ ጀርባ ላይ ሲገጥም ዲስኩን ይቆነጥጣል። የጀርባው ጥርስ የሚዞረው ወደ ላይ ስለሆነ እንጨቱን አንስቶ ወደ ሠራተኛው ይወረውረዋል። ይህን የሚከለክለው ከዲስኩ ጀርባ የሚቆመው ስለት የሌለው ብረት ነው፤ ስንጥቁን ክፍት አድርጎ ይይዘዋል። ከዲስኩ ያለው ርቀት ከ8 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም። ብዙ ወርክሾፕ ውስጥ «ያስቸግራል» ተብሎ ተፈቶ መሳቢያ ውስጥ ታገኙታላችሁ። እኔም ወጣት ሳለሁ በተማርኩበት ቦታ ተፈቶ ነበር። አንድ የተወረወረ ቁራጭ ሆዴን መታኝና ለሁለት ሳምንት ቀና ብዬ መሄድ አቃተኝ። ማንም ምክንያቱን አልነገረኝም። «ተጠንቀቅ» ብቻ ነው የተባልኩት። ከምን እንደምጠነቀቅ ያወቅኩት ከዓመታት በኋላ ነው።

ጓንቱን ከማሽን ክፍል ሙሉ በሙሉ አውጥቻለሁ። ቦርሳው ውስጥ ሲያገኙት ልጆቹ የገመቱት ለመጋዝ እንደሆነ ነው፤ አይፈረድባቸውም። የሚዞር ስለት ግን ጓንትን ይዞ ይጎትታል፣ ጓንቱ ደግሞ እጅን ይዞ ይሄዳል። ሸካራ ጣውላ ለመሸከም ይሁን። ለሲሚንቶም አይሆንም፤ ተራ ጨርቅ ነው። እርጥብ ሲሚንቶ ቆዳን የሚያቃጥል ነገር ነው፣ ጨርቁ ያንን ምጥጥ አድርጎ እጅ ላይ ያቆየዋል። ለዚያ ሥራ ውኃ የማያስገባ የጎማ ጓንት ያስፈልጋል። አምራቹ ይህን የሚናገር አንዲት ወረቀት እንኳ አለመክተቱ አናዶኛል።

መነጽሩ በራሱ መጥፎ አይደለም። ሌንሱ ላይ «ኤፍ» የሚል ፊደል ተቀርጿል። በአውሮፓው መለኪያ በሴኮንድ 45 ሜትር የምትመጣ ትንሽ የብረት ኳስ ሳትሰብረው ተፈትኗል ማለት ነው። ግን የተሠራው ለሰፊ ፊት ነው። አንዷ ሠልጣኜ ፊቷ ትንሽ ነው። መላጊያው ማሽን ላይ ሆና በየደቂቃው በእጅ አንጓዋ መነጽሩን ወደ ላይ ስትገፋ አየኋት። ማሽኑ እየዞረ! አስቁሜ ጠየቅኳት።

«ላብ ነው ጋሼ፣ ልኬ ነው» አለችኝ።

ልኳ አልነበረም። ጉንጯና መነጽሩ መሀል ጣቴ ይገባ ነበር። ሌላው ሁሉ ሲያደርገው እሷ ብቻ «ሰፋኝ» ማለት ከብዷት ነው። በማግሥቱ በላስቲክ የሚታሰር ጠባብ መነጽር ቀየርንላት። ወር ሙሉ አንዴም አልነካችውም። ከዚያ ወዲህ «ልክህ ነው?» ብዬ አልጠይቅም። ጎንበስ ብለው ጭንቅላታቸውን እንዲነቀንቁ አደርጋለሁ፤ ከወደቀ ይቀየራል።

ስለ ጆሮ መከላከያው ስጽፍ ግራ ጆሮዬ ላይ ያለው ፉጨት እየተሰማኝ ነው። ሌሊት ሲሆን ይብሳል። እኔ ስማር ጆሮውን የሚሸፍን አልነበረም፣ የሸፈነም እንደ ፈሪ ይታይ ነበር። 85 ዴሲቤል ድምፅ ለስምንት ሰዓት ይቻላል ይባላል። በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። 100 ላይ ሲደርስ የሚፈቀደው 15 ደቂቃ ብቻ ነው፣ ክብ መጋዝ ደግሞ 100 ይደርሳል። የሄደ መስማት አይመለስም። የቦርሳው መከላከያ ጥሩ ነው፣ ለስላሳ ነው፣ ልጆቹም ወደውታል። የመነጽሩ እግር ወፍራም ስለሆነ ግን ከሥሩ ክፍተት ይፈጥርበታል። ሁለቱ አብረው የተሸጡ ዕቃዎች ናቸው፤ አብሮ አድርጎ የሞከራቸው ሰው ያለ አይመስለኝም።

ማስኩን ጣልነው። የማጣራት ደረጃውን የሚያሳይ ምንም ምልክት የሌለው ስስ ጨርቅ ነው። የእንጨት ብናኝ ካንሰር እንደሚያመጣ የዓለም ካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ1995 አረጋግጧል። ኮንክሪት ሲቆረጥ የሚወጣው የሲሊካ ብናኝም በ1997 እንዲሁ ካንሰር አምጪ ተብሎ ተመድቧል። ቢያንስ 94 በመቶ የሚያጣራውን «ኤፍኤፍፒ 2» የሚባለውን ገዛን። ሳጋቱራውንም በመጥረጊያ ማቦነን አቁመን በቫኪዩም እንስባለን። ጢማቸውን ለሚያሳድጉት ልጆች ማስኩ ፊት ላይ እንደማይገጥም ማስረዳት ትንሽ ክርክር ነበረው።

ሄልሜቱ ደህና ነው። ከውስጥ የተመረተበትን ወርና ዓመት የሚያሳይ ክብ ምልክት አለው፤ ስትገዙ እሱን እዩ።

ቦርሳው ውስጥ የማይገባ አንድ ነገር አለ። የ16 ዓመቱን ልጅ የጠረጴዛ መጋዝ ገና አላስነካሁትም። የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1973 ያወጣው ስምምነት ቁጥር 138 ለአደገኛ ሥራ ዝቅተኛውን ዕድሜ 18 ያደርጋል። ከ16 ጀምሮ የሚፈቀደው ሙሉ ጥበቃና በቂ ሥልጠና ካለ ብቻ ነው። ልጁ ተከፍቶብኝ ነበር። አሁን በእጅ መጋዝ የሚቆርጠው መስመር ከሁሉም የቀና ነው። ባለፈው ሳምንት ከማሽኑ ፊት ቆሞ ለትልልቆቹ «ሽፋኑ ተነስቷል፣ አትጀምሩ» ሲላቸው ሰማሁት። አልጀመሩም።

ለሚቀጥለው ዙር ይህን ቦርሳ አንገዛም። የጆሮ መከላከያውንና ሄልሜቱን ከዚያው አምራች ለብቻቸው እንወስዳለን። ማስኩ ምልክት ያለው ይሆናል፣ መግፊያውን ራሳቸው ይሠሩታል። መነጽር ለመግዛት ስሄድ ግን ልጆቹን ይዣቸው ነው የምሄደው፣ እያንዳንዳቸው እዚያው ጭንቅላታቸውን ይነቀንቃሉ።