ኦሪጅናል፣ ያለ ፈቃድ የተሠራ ወይስ ኮፒ? ከደሴ ሆኖ ተለዋዋጭ ሮቦት ለሚገዛ

ደሴ ላይ «ትራንስፎርመር አላችሁ?» ብሎ ሱቅ የሚጠይቅ ሰው መጀመሪያ የሚታሰብለት የመብራቱ ነው። አንዱ ባለሱቅ እንዲያውም «የስንት ኪሎ ቮልት?» ብሎኛል። እኔ የፈለግሁት ከመኪናነት ወደ ሮቦትነት የሚገለባበጠውን፣ የአሜሪካው መጫወቻ አምራች ሐስብሮ የጃፓኑን የታካራን መጫወቻዎች ይዞ እ.ኤ.አ. በ1984 ለገበያ ያወጣውን ነበር።

የዚህ መጫወቻ ሰብሳቢዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚከራከሩት የትኛው ያምራል በሚለው ነው። ለእኛ ለወሎዎቹ ጥያቄው ሌላ ነው፤ ከፋብሪካ ጉድለት ይዞ ቢመጣ ምን እናደርገዋለን? ውጭ ያለ ገዢ ሳጥኑን ይዞ ወደ ሱቁ ይመለሳል። የእኛው ዕቃ ግን ጅዳ ወይም ዱባይ ካለ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ በካልሲ ተጠቅልሎ አዲስ አበባ ያርፍና 400 ኪሎ ሜትር በአውቶቡስ ተጉዞ ይደርሳል። መመለስ የማይታሰብ ነው። ስለዚህ የማነጻጽረው ውበታቸውን ሳይሆን ሲበላሹ የሚጠገኑበትን መንገድ ነው።

ኦሪጅናሉም ቢሆን ከጉድለት ነጻ አይደለም። ከደረሱኝ አንዱ ሁለቱም እጆቹ የግራ ነበሩ፤ አንደኛው አውራ ጣት ወደ ፊት፣ ሌላኛው ወደ ኋላ ያያል። የእህቴ ልጅ «ግራኙ» ብሎ ስም አወጣለት። እዚህ ላይ የሚመሳሰሉ ሁለት ስሕተቶችን መለየት ያስፈልጋል። የግራውና የቀኙ ክፍል ቦታ ተለዋውጠው ከተገጠሙ ካቻቢቴ ይዞ ብሎኑን ፈትቶ ማቀያየር ብቻ ነው። አንዱ ክፍል ሁለት ጊዜ ገብቶ ሌላው ጭራሽ ከሌለ ግን የከተማው ካቻቢቴ ሁሉ ቢሰበሰብ አያድነውም። የእኔው ሁለተኛው ዓይነት ነበርና እስከ ዛሬ ግራኝ ሆኖ ቀርቷል።

የቀሩት የኦሪጅናሉ ጉድለቶች ባብዛኛው ቀላል ናቸው። ዳሌው ልል ሆኖ መቆም ካቃተው፣ መጋጠሚያው በኳስ የተሠራ ከሆነ ኳሱን ነቅሎ ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም በስሱ መቀባትና ሙሉ ለሙሉ እስኪደርቅ አንድ ሌሊት ማሳደር ነው። እርጥቡን ከገጠማችሁት ተጣብቆ ይቀራል። የተጣመመ ሰይፍ ወይም ለስላሳ የላስቲክ ክፍል ደግሞ ሙቅ ውኃ ውስጥ ጥቂት ቆይቶ ሲወጣ ይቃናል፤ ወዲያው ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ሲገባ ቅርጹን ይይዛል።

ያለ ፈቃድ የሚሠሩት፣ ማለትም የራሳቸውን ንድፍ አውጥተው የታወቁትን ገጸ ባሕርያት የሚያመርቱ አነስተኛ ድርጅቶች ሥራዎች፣ ዓይን ያፈዝዛሉ። ብረት ይበዛባቸዋል፣ ይከብዳሉ፣ ዋጋቸውም እንደዚያው ነው። ችግራቸው መላላት ሳይሆን መጥበቅ ነው። መጋጠሚያውን የሚይዘው ቀጭን የብረት ፒን በጠባብ ቀዳዳ በግድ ስለሚገባ ዙሪያው ያለው ፕላስቲክ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ሲገለባበጡም ክፍሎቹ ተፋግተው ቀለማቸው ይላጣል። የጠበቀውን በሲሊኮን ዘይት ማላላት ይቻላል። የስፌት መኪና ዘይት ግን አደራ! ፕላስቲኩን ውሎ አድሮ ሊሰነጥቀው ይችላል።

አንድ ጊዜ እንዲህ ዓይነቱን ሮቦት ጉልበቱ አልታጠፍ ብሎ ፒያሳ አንድ አዛውንት ሰዓት ጠጋኝ ዘንድ ወሰድሁት። ጋሼ መነጽራቸውን ዓይናቸው ላይ ሰክተው ጉልበቱን ከግራም ከቀኝም አዩት። «አብሽር ልጄ፣ ይህማ ከሰዓት ማሰሪያ ፒን በምን ይለያል» አሉኝ። የፒኑ አንዱ ጫፍ ልሙጥ፣ ሌላው ጥርስ ጥርስ ያለው ነበር። በልሙጡ በኩል ቀጭን ብረት ደግነው በትንሽ መዶሻ ሁለት ጊዜ ጠቅ ሲያደርጉት ጥርሳሙ ጫፍ ቀድሞ ወጣ። እኔ ብሆን በተቃራኒው መትቼ ጥርሱን በቀዳዳው ውስጥ እጎትተውና ፕላስቲኩን እበጣው ነበር። የዚህ ዓይነቱ ዕቃ ጥገና እንዲህ ያለ እጅ ይጠይቃል፤ ከሰነጠቀ በኋላ ደግሞ ጋሼም አያድኑትም።

ኮፒው፣ ማለትም የሌላውን ንድፍ እንዳለ አስመስሎ የተሠራው፣ ርካሽ ነው፤ ርካሽነቱም ይታያል። ብሎኑ ሁለት ጊዜ ከተፈታ ቀዳዳው ይበላል፣ መጋጠሚያው ከመጀመሪያው ቀን ይላላል፣ ፋብሪካው ያልቆረጠው ትርፍ ፕላስቲክም ጠርዙ ላይ ይቀራል። ሆኖም ኦሪጅናሉ የማይሰጠን አንድ ነገር አለው። ሰኞ ገበያም ሆነ ኮምቦልቻ ላይ በእጃችሁ ይዛችሁ፣ ገለባብጣችሁ፣ ተከራክራችሁ ትገዙታላችሁ። አንድ ዓይነት ሁለት ገዝቶ ከሁለቱ አንድ ደህና ማውጣትም ይቻላል። ለልጅ ጨዋታ ከሆነ እኔ ከዚህ አላልፍም።

ያገለገለ ኦሪጅናል ካገኛችሁ ግን ሳጥኑ ካልተከፈተው አስበልጡት፤ ጉድለቱ ካለ አስቀድሞ ወጥቷልና። ማጠፊያዎቹ ላይ ነጭ የውጥረት ምልክት ካለ ለመሰበር የተቃረበ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ከተሠሩት ውስጥ ወርቃማ ብልጭልጭ የተቀላቀለበት ፕላስቲክ ያላቸውን ደግሞ ምንም ቢያምሩ እለፏቸው። አንዳንዱ ፕላስቲክ ከዕድሜ ብዛት እንደ ደረቅ ዳቦ በእጅ ላይ ይፈረፈራል።

ለመደርደሪያ ከሆነ ምርጫዬ ኦሪጅናሉ ነው፤ በብሎን የተገጠመ ቢሆን ደግሞ ይበልጥ እመርጠዋለሁ። ያለ ፈቃድ የተሠራውን የምገዛው ተገለባብጦ ካየሁት ብቻ ነው። ዘመዳችሁ «ሳጥኑ እንዳይበላሽ» ብሎ እንዳሸገው እንዳይልክላችሁ ለምኑት። ሐስብሮ እ.ኤ.አ. በ2022 አካባቢ ፕላስቲክ ለመቀነስ ሲል ከብዙ ሳጥኖቹ ላይ መስኮቱን አንሥቶ ስለነበር፣ የዚያን ጊዜዎቹ ውስጣቸው ከውጭ አይታይም። ሱቁ ዕቃውን መልሶ የሚቀበልበት ቀን ሳያልፍ እዚያው ከፍቶ፣ በስልክ ቪዲዮ ሁለቱን እጆች ጎን ለጎን ያሳያችሁ። አውራ ጣቶቹን ተመልከቱ።